ጅቡ እገሌ አይደለም

የፖለቲካ ስላቅ ያለበት መጽሐፍ ገበያ ላይ በዋለ በሳምንቱ፣ በየሻይ ቤቱና በየመጽሐፍ ምረቃው የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን ማለቱ ነው?» የሚል ነው። መልሱ ሲገኝ ጠያቂው ይረካል። ቀበሮው እገሌ ነው፤ በየስብሰባው የሚያጨበጭበው ጦጣ እገሌ ነው፤ ጠግቦ የማያውቀውን ጅብማ ማን ያጣዋል? ከዚህ በኋላ መጽሐፉ እንዳለቀ ይቆጠራል። ያነበበው ሰው ስሞቹን ላላነበበው ያካፍላል፤ ያላነበበውም ዝርዝሩን ይዞ እንዳነበበ ሰው ያወራል።

ይህን አነባበብ ብልህነት ብለነዋል። «የገባው» የምንለው አንባቢ ስም የሚያወጣውን ነው፤ ስም ያላወጣው ወርቁ ያመለጠው የዋህ ተደርጎ ይታያል። የመጽሐፍ ዳሰሳ የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ ግማሹን ገጽ በዚህ ይጨርሱታል። ልማዱ ጉዳት የሌለው ጨዋታ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እንዲያውም የሕዝብ ንቃት ማስረጃ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። ስላቅን ስም እያወጡ ማንበብ የሳንሱር ሹም አነባበብ ነው። ደራሲዎቻችንን ለአደጋ አጋልጧል፤ መጻሕፍታችንን ያለ ዕድሜያቸው አስረጅቷል፤ አንባቢውንም ምንም ሳይነካው ወደ ቤቱ ሸኝቷል። ዛሬ ደግሞ ከሰው ስም አልፎ የሕዝብ ስም ወደ ማውጣት ተሸጋግሯል።

የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በስላቅ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄዱ፤ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ ፈረንሳይንም አይተው ተመለሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር እየተባለ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ መሆኑን ሲያዩ፣ ቴአትር ማለት ይህ አይደለም ብለው ራሳቸው ብዕር አነሱ። ላ ፎንቴን ከተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ ተረቶች ተነስተው የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ በተቀመጡበት ታየ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። የሚናገሩት ነገር ግን የአዳራሹ ሰው በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ ጉቦው፣ ሽንገላው፣ የደካማው ፍርድ መጓደሉ።

ቤተ መንግሥቱ ነገሩ ገባው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የታተመውም ተሰበሰበ። ክልከላው በአንድ ተውኔት ላይ ብቻ አልቆመም፤ የቴአትር ሥራ ራሱ ቆመ፣ እንደገና ያንሰራራውም አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ ይነገራል። ሲነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ተክለ ሐዋርያት ሹማምንቱን «ነኩ»፣ ሹማምንቱም ራሳቸውን አውቀው ተቆጡ ይባላል። ታዲያ ከነካ አንድ ሰው ነዋ የሚነካው። አንበሳው እገሌ፣ ቀበሮዋ እገሌ ብለው ቢጽፉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንድ መኮንን ይቆጣል፤ ጠላቶቹ ከሁሉ በላይ ይስቃሉ፤ ተውኔቱም በየግብሩ ላይ በድጋሚ ይጠራል። የቤተ መንግሥት ሰው የባላንጣው መዋረድ የሚያስከፋው አይደለም። ቴአትር በሙሉ የታገደው አንድ ሰው ስለተሰደበ ሳይሆን፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ ሊስቅ ስላልቻለ ነው። የስላቅ ጉልበት በዚህ ይለካል፤ ምን ያህል ስም እንደያዘ ሳይሆን ምን ያህል ሰው ማምለጫ እንዳጣ። እኚሁ ሰው ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ስላቃቸው መንግሥት የሚጠላ ሰው ስላቅ አልነበረም። ሥራው ይስተካከል ዘንድ የሚቆረቆር ሰው ጽሑፍ ነበር።

ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱን ላንሳ፤ እኛም አገር በራሳችን አውሬዎች ስንነግረው ኖረናል። በአውሬዎች ላይ መቅሠፍት ወረደ። ይህ የመጣው በኃጢአታችን ነውና እንናዘዝ ተባባሉ። አንበሳ በግ በልቻለሁ፣ እረኛም በልቻለሁ አለ፤ ጌታዬ ለበጉ ክብር ነው አሉት። ነብርም ተናዘዘ፤ ጅብም ተናዘዘ፤ ለሁሉም ሰበብ ተገኘላቸው። ተራው የአህያ ሆነ። ከሰው ማሳ ጥቂት ሣር ነጭቼ ነበር አለች። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ መቅሠፍቱን ያመጣችው እሷ ናት ተባለ፤ ተበላች።

አሁን ይህን ተረት ለገባው አንባቢ ስጡት። አንበሳው ማን እንደሆነ ወዲያው ይነግራችኋል። ደርግን ያየ የደርግን ሰው ይጠራል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ይጠራል። በዚህ ተረት ውስጥ ግን አንበሳው ከሁሉ ያነሰ ሥራ የሠራ ነው። ተናዘዘ እንጂ አልፈረደም። አህያዋን የገደላት ጉባኤው ነው፤ ከአንበሳው በፊት ሰበብ ለመፈለግ የተሽቀዳደመው፣ ተራው አልፎለት እፎይ ያለው፣ ጥርስ ባይኖረውም አብሮ የጮኸው ጉባኤ። ተረቱ ስለዚህ ጉባኤ ነው። አንበሳውን በስም የጠራ አንባቢ ጉባኤውን ሳያየው አለፈ፤ ያለፈበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንበሳው እገሌ ከሆነ እኔ በጉባኤው ውስጥ አልነበርኩም ማለት ነው። ስም ማውጣት አንባቢውን ከክሱ ነጻ የሚያወጣ ሰነድ ሆኖ ያገለግላል።

ለዚህ በእጄ ያለ ማስረጃ አለኝ። ከዓመታት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ገዛሁ። ሽፋኑ ተቀድዶ በካርቶን ተለብዷል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈባቸው ኅዳጎች አየሁ። አንድ ባለሥልጣን ወደ ታሪኩ በገባ ቁጥር ኅዳጉ ላይ የሰው ስም አለ። አንዳንዱ ስም ተሰርዞ በሌላ እጅ ጽሕፈት ሌላ ስም ተተክቷል፤ አንዱ ጋ ደግሞ «አይደለም» የሚል ብቻ ተጽፏል። ሁለት ወይም ሦስት አንባቢዎች በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ተከራክረዋል። መጽሐፉ ወደ መሃል ሲደርስ ስሞቹ ይሳሳሉ፤ ከዚያ ፈጽሞ ይጠፋሉ። የናቅፋ ተራሮች ላይ ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍባቸው ገጾች ባዶ ናቸው፤ አንዲት መስመር አልተሰመረባቸውም። ስሞቹ ሁሉ ከተገኙ በኋላ የሚያነቡት አልነበራቸውም።

«ኦሮማይ» የቀልድ መጽሐፍ አይደለም። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ውስጥ ነበረ፤ ያየውን ወደ ልብ ወለድ ለወጠው። ነገር ግን ስብሰባውን፣ መፈክሩን፣ የካድሬውን ንግግር የሚሸነቁጥበት ምፀት በየገጹ አለ፤ ያን ዘመን የኖረ ሰው አንብቦ የሳቀውም በዚህ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ እንደወጣ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረበት ከፍተኛ ሥልጣን ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

በዓሉን አንባቢዎቹ አጠፉት አልልም። ያጠፋው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። የምለው ሌላ ነው። በቢሮው ተቀምጦ መጽሐፉን በቀይ እስክሪብቶ ያነበበው ሹምና በኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው አድናቂ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ያገኙትም አንድ መልስ ነው። አንዱ ለመቅጣት፣ ሌላው ለመደሰት ፈለገ እንጂ አነባበባቸው አልተለያየም። «ይህ እኮ እገሌ ነው» የሚለው ሹክሹክታ ከእገሌ ጆሮ የሚደርሰው በጠላት አፍ ብቻ አይደለም። አድናቂም ያደርሰዋል፤ ከደራሲው ድፍረት ድርሻ ያለው እየመሰለው ያደርሰዋል። ኃላፊነቱን ግን ደራሲው ብቻውን ይወስዳል።

አቤ ጉበኛም ይህ ደርሶበታል። የጎጃሙ ልጅ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ደፋር መነሻ ካላቸው አንዱ ነው። በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ግፍ ወደ በዛበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። እናት ትለምናለች፤ እሱ ምክንያት ይደረድራል። ሐሳቡ ብቻውን ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መንግሥት መጽሐፉን ሰብስቦ አቃጠለ፤ ደራሲውም በኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። አንባቢው ደግሞ መጽሐፉ ንጉሡን ማለቱ ነው ብሎ ደመደመ። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. መስከረም ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያ አነባበብ መሠረት መጽሐፉ ሥራውን ጨርሷል፤ ጽንሱም በሰላም መወለድ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ምን ዓይነት እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊል ይችላል? ስም የወጣለት ስላቅ ከባለ ስሙ ጋር ይቀበራል። «የንጉሡ ዘመን መጽሐፍ»፣ «የደርግ ዘመን መጽሐፍ» እያልን በመደርደሪያ የቆለፍናቸው ሥራዎች ከእኛ ጋር መነጋገር ሲገባቸው ዝም ያሰኘናቸው እኛው ነን።

ተክለ ሐዋርያት ካስተዳደሯት ጅጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን ያለፈ ሰው ሐርጌሳ ይገባል። እዚያ ያለው የሥነ ቃል ባህል ከእኛው ጋር የሚቀራረብ ብዙ ነገር አለው። ሶማሊዎች ፖለቲካን በፍቅር ዘፈን ውስጥ መናገርን ያውቁበታል፤ የተወደደችው ልጅ አገር ትሆናለች፣ የከዳው ባል መንግሥት ይሆናል። ታላቁ ገጣሚ መሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜ፣ ሁሉም «ሐድራዊ» የሚለው፣ ከ1973 እስከ 1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሲያድ ባሬ መንግሥት ታስሯል። ስለ ግጥሞቹና ስለ ተውኔቱ ነው የታሰረው። እዚያም ሹሙ የጠየቀው ያንኑ ነው፤ ማንን ማለቱ ነው?

በሐርጌሳ ሼክ ኑር ሰፈር በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከሬዲዮ የወጣ የድሮ ዘፈን ሲሰማ አስታውሳለሁ። አብሮኝ የነበረው አማርኛ ተናጋሪ ወዳጄ ግጥሙን አስረዳኝ፤ ስለ አንድ ቤት የሚያፈስ ጣሪያና ጣሪያውን መጠገን ስለማይፈልግ ባለቤት የሚያወራ ነበር። ከጎናችን ለተቀመጡት አዛውንት ወዳጄ «አዴር (አጎቴ)፣ ባለቤቱ ማን ነው?» አላቸው። ከሲያድ ባሬ ሹማምንት የአንዱን ስም ጠሩ። ሻይ የሚቀዳው ጎልማሳ አይደለም ብሎ ከዚያ በፊት የነበረን ሚኒስትር ጠራ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ደግሞ ሁለቱንም ተቃውሞ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሰው ጠራ፤ ዘፈኑ የተዘፈነው እሱ ሳይወለድ መሆኑ አላሳሰበውም። ሦስቱም በየፊናቸው እርግጠኞች ነበሩ። ከሦስቱ ለእውነቱ የቀረበው ወጣቱ ይመስለኛል። ማን እንደተባለ አያውቅም፤ ጣሪያው አሁንም እንደሚያፈስ ግን ያውቃል።

እ.አ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና ሌሎች ሰዎች የዘፈንና የተውኔት ካሴቶችን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ሰዎቹ የትኛው ዘፈን የትኛውን ሹም እንደሚነካ የሚያስረዳ መዝገብ ቀብረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለማን ይጠቅም ነበር? ከሞት ያተረፉት ድምፁን፣ ዜማውን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ነው። ያንኑ ከተማ ግን ከክፉው ልማድ ነጻ አላደርገውም። እ.አ.አ. በ2018 ገጣሚቷ ናዒማ ቆራኔ ስለ ሶማሊ አንድነት በተናገረችው ምክንያት በዚያው ሐርጌሳ ሦስት ዓመት ተፈርዶባት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተፈታች። ግጥምን እንደ ክስ ማመልከቻ የሚያነብ ዐቃቤ ሕግ በየትኛውም ባንዲራ ሥር ይገኛል።

ሁለት ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳብኛል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው ሰምና ወርቅ ነው። ይህ የአባቶቻችን መንገድ ነው፤ የተሰወረውን መፈለግ ባህላችን ነው፤ አንተ ሰሙ ላይ ቁም ልትለን ነው ወይ ይሉኛል። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ። ሰሙ ካልቆመ ወርቁ አይቆምም። መምህሩ ፊት የተነሳ ተማሪ ወርቁን ቸኩሎ ተናግሮ ሰሙ እንዴት እንደተያዘ ማስረዳት ካቃተው ይታረማል። ሰሙ ተልጦ የሚጣል ልጣጭ ተደርጎ አያውቅም፤ የሚመረመረው ሁለቱ የተያያዙበት መገጣጠሚያ ነው። ወርቁም ብዙ ጊዜ የሰው ስም አይደለም፤ ነገር ነው፣ ፍርድ ነው፣ የዓለም ከንቱነት ነው። ከዚህ ትልቅ ትምህርት ውስጥ እኛ የያዝነው ስም የመገመት ጨዋታን ብቻ ነው፤ ከዚያ ባህላችን ነው ብለን እንከራከርበታለን። አለቃ ገብረ ሐና በቤተ መንግሥትና በየቤተ ክህነቱ የቀለዱባቸው ሰዎች ስማቸው ከብዙዎቹ ቀልዶች ላይ ረግፎ ጠፍቷል። ቀልዶቹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ይነገራሉ። የሚያኖራቸው የተሰደበው ሰው ማንነት ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም አይተርፉም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አፈና ባለበት አገር በግልጽ መናገር ካልተቻለ፣ ማንን ማለቱ እንደሆነ መጠቋቆም የቀረን ብቸኛ ንግግር ነው፤ ይህንም ከነጠቅከን ስላቅ ጥርሱ ይወልቃል ይሉኛል። የፍርሃቱን ዘመን የኖሩ ሰዎች ሲናገሩት አከብረዋለሁ። ስላቅ ከእውነተኛ ሥልጣንና ከእውነተኛ ግፍ ይነሳል፤ ማንንም አይመለከትም ያለ የለም። ጥርሱን የሚያወልቀው ግን የትኛው ነው? ሩሲያዊው ኒኮላይ ጎጎል የአንድ ትንሽ ከተማ ሹማምንትን የሚያጋልጥ ኮሜዲ እ.አ.አ. በ1836 በዚያው ተክለ ሐዋርያት በተማሩባት ሴንት ፒተርስበርግ አሳየ። ተመልካቹ ግማሹ አገር ተሰደበ አለ፤ ግማሹ እንዲህ ያለ ከተማ የለም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላስ ግን ከትርዒቱ ሲወጡ ሁላችንም ድርሻችንን አገኘን፣ ከሁሉ የበለጠው ለእኔ ደረሰኝ ማለታቸው ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ደግ ገዢ አልነበሩም፤ በዚያች ሌሊት ግን ከከተማው ጋዜጠኞች ሁሉ የተሻለ ተመልካች ነበሩ። ጎጎል የተመልካቾቹን ወሬ ሰብስቦ ራሱን የቻለ ድርሰት አደረገው፤ በኮሜዲው ውስጥ ያለውን አንድ ቅን ባለ ድርሻ ማንም አላየውም፣ እሱም ሳቅ ነበር ሲልም አዘነ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌልም አሳማዎች ሌሎቹን እንስሳት የሚገዙበትን ታሪኩን ይዞ እ.አ.አ. በ1944 በየአሳታሚው ሲዞር፣ እሺ ካለው በኋላ ሐሳቡን የለወጠ አንድ የለንደን አሳታሚ ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ገዢዎቹ አሳማ መሆናቸው ነበር፤ ሌላ እንስሳ ቢሆኑ ሩሲያውያኑን ያን ያህል አያስቀይምም አለ። ይህ አሳታሚ መጽሐፉን በደንብ አንብቦታል፤ ስሞቹን አንድ በአንድ አውጥቷል። ያላነበበው ቢኖር ሌሎቹን እንስሳት ነው፤ ትእዛዛቱ በግድግዳው ላይ ሲለወጡ እያዩ ማስታወሳችን ነው የተሳሳተው ብለው ራሳቸውን ያሳመኑትን። እነሱን በየትም አገር ብንፈልግ እናገኛለን።

አሁን ወዳለንበት ጊዜ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነውና። ጥያቄው ተለውጧል። «ማንን ማለቱ ነው?» የሚለው «የማንን ወገን ማለቱ ነው?» ሆኗል። ጅቡ ድሮ ሚኒስትር ነበር፤ ዛሬ ሕዝብ ነው። አንድ ደራሲ ስግብግብ የቀበሌ ሊቀመንበር ሲፈጥር አንባቢው ስግብግብነቱን ከማየቱ በፊት ስሙን ይመረምራል፤ የአባቱን ስም ይመረምራል፤ አነጋገሩ ከየት አካባቢ እንደሆነ ያዳምጣል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፤ ይህ መጽሐፍ እኛን ይሰድባል፣ ወይም ይህ መጽሐፍ እነሱን አሳይቶልናል። የመጀመሪያው ይቆጣል፤ ሁለተኛው ይስቃል፤ አንዳቸውም መጽሐፉን አላነበቡም።

የአንድ ሹም ስም ሲወጣ የሚጎዳው ደራሲው ነበር። የሕዝብ ስም ሲወጣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ላለፉት ዓመታት አይተናል። በአንድ ሰው ስግብግብነት ላይ የተሳቀ ሳቅ በአንድ ማኅበረሰብ ላይ የተሳቀ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሳቅ ራሱ የጥቃት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ አጸፋውም በሳቅ አይመለስም።

አንድ የማውቀው ደራሲ ረቂቁን ሲያሳየኝ ገጸ ባሕርይውን ሦስት ጊዜ ስም ቀይሮለት ነበር። የመጀመሪያው ስም ያን ወገን ያስመስላል ተባለ፤ ሁለተኛው ይህን ወገን። በመጨረሻ «ሊቀመንበሩ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ከስሙ ጋር የወጡ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ በበዓል ቀን የሚለብሰው ልብስ፣ የሚምለው መሐላ፣ እናቱ የምትጠራበት ቁልምጫ፣ ምሳ ላይ የሚያዝዘው ምግብ። ሁሉም ወገን ይጠቁማሉ ተብለው ተሰረዙ። በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ሰው ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ በመጨረሻው ረቂቅ ማኅተም የያዘ እጅ ብቻ ቀርቷል። ስላቅ ከዝርዝር ውጭ አይኖርም። የሚያስቀው ስግብግብነት በጠቅላላው ሳይሆን፣ ስብሰባው ሳያልቅ ከጠረጴዛው ላይ የተረፈውን የታሸገ ውኃ በቦርሳው የሚከተው ይህ ሰው ነው። ይህን ሰው የመጻፍ ነጻነት የወሰደበት መንግሥት ብቻ አይደለም፤ አንባቢውም ወስዶበታል።

ተስፋ የለም አልልም። በቅርብ ዓመታት በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» አዳራሽ ሲሞላ፣ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ የሚዞረውን እብድ ለማየት ተሰልፎ ሲገባ አይተናል። እያዩ አንዱን ሹም ብቻ አይናገርም፤ ቲኬት ቆርጦ የተቀመጠውንም ይናገራል። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ሳቅ አንዳንዴ በመሃል ይሰበራል፤ ሰው መሳቁን አቁሞ ወንበሩ ላይ ይመቻቻል። ያን ጊዜ ነው ስላቁ የደረሰው። ከትርዒቱ በኋላ በር ላይ «ማንን ማለቱ ነው?» የሚባለው ጥያቄ ያን ሳቅ የሰበረውን ዝምታ ቶሎ ለማጥፋት የሚደረግ ጥረት ይመስለኛል፤ ስሙ ሲገኝ ሰው ይቀለዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ለመጽሐፍ ምረቃ መድረክ መሪዎች፣ ለዳሰሳ ጸሐፊዎች፣ በየወሩ ተሰብስበው መጽሐፍ ለሚወያዩ ወጣቶች ነው። ደራሲውን ጅቡ ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁት። ቢነግራችሁ ራሱን ለአደጋ፣ መጽሐፉን ለሞት ይሰጣል፤ ዝም ቢል ዝምታውን ትተረጉሙበታላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ አይጠፋም፤ መድረክ መሪው ወደሚቀጥለው ጠያቂ ይለፍ። መወያያ ከታጣ የአህያዋን ተረት አንሡ። ፍርዱ ሲሰጥ ከአጠገቧ የቆመው እንስሳ የትኛው እንደነበር፣ ሣር በመብላት ተከሳ ስትሞት ሣር የሚበሉት እነ በሬና እነ በቅሎ ለምን አብረው እንደጮኹ ተከራከሩ። በዚያ ክርክር ውስጥ የማንም ሹም ስም አያስፈልግም፤ የተናጋሪው ግን ያስፈልጋል።